ማንም ያልቀመሰው ኩባያ

መጀመሪያ የተሰማው ድምፁ ነው። ቅል… ቅል… ኳ። ትንሽ ዝም ይልና ደግሞ እንደገና፣ አንድ ሰው በባዶ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ኩባያውን በማንኪያ እንደሚመታ ዓይነት፤ ቅል… ኳ። ሳጅን እታገኘሁ ከመካነ ሰላም ገበያ በላይ ያለውን ዳገት ስትወጣ ጉሙ ገና አልተነሣም ነበርና አጥሩም፣ ቤቱም፣ የሚያንኳኳውም አይታይም።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ከኋላዋ እያለከለከ የሚከተላትን ኮንስታብል መሐሙድን።

«የሟቹ ቤት ነዋ፣ ሳጅን። ሰፈሩ ‹አያ ጀብሪል ናቸው፣ መረቃቸውን እየጠየቁ ነው› ይላል። ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው አይደል?» መሐሙድ ሊስቅ ጀመረና ሳቁን መልሶ ዋጠው። «እኔስ ወላሂ ብቻዬን በዚህ አላልፍም።»

«የሞተ ሰው ኩባያ አያንኳኳም።»

«እሱን እርስዎ ይወቁት።»

ጉሙ እንደ መጋረጃ ሲገለጥ ነገሩ ታየ። ከአውድማው ዳር፣ ከባሕር ዛፍ እስከ ባሕር ዛፍ በተዘረጋ ሽቦ ላይ ዘጠኝ ባዶ ቆርቆሮዎች ተንጠልጥለዋል። ወፍ ከስንዴው እንዲያባርሩ የተሰቀሉ ናቸው። ነፋሱ እርስ በርስ ያላትማቸዋል። መሐሙድ ትንፋሹን ለቀቀ። እታገኘሁ ግን ከሽቦው ሥር ቆማ ቆጠረቻቸው፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ።

ጊዜው ታኅሣሥ ሁለት ሺህ ስድስት ነው፤ ከሳዑዲ የተባረሩት የአገሩ ልጆች ብርድ ልብሳቸውን ተሸክመው በየመኪናው እየወረዱ ወደየቀያቸው የገቡበት ወቅት። ከነሱ አንዷ የዚህ ቤት ልጅ ኢልሀም ነበረች። አባቷ የበቅሎ ነጋዴው አቶ ጀብሪል በመጣች በሦስተኛው ሳምንት ሞቱ። ደሴ ያለ ሐኪም ከክረምት በፊት «ልብዎ ደክሟል፤ ጨው በአፍዎ እንዳይዞር» ብሏቸው ነበር። አምስት ወር ሙሉ ጨው ሳይቀምሱ ደህና ሰነበቱ። ታኅሣሥ ላይ ግን ከእግራቸው ጀምረው አበጡ፣ እብጠቱ ወደ ላይ ወጣ፣ ታኅሣሥ ዐሥራ ሁለት ጎህ ሲቀድ አየር እያጠራቸው ተቀምጠው እንዳሉ አረፉ። ሰውነታቸው ሲታጠብ ቆዳቸው ላይ ጣት ያረፈበት ቦታ እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ይቀር ነበር አሉ።

ከቀብር መልስ፣ ደጎሎ ከተማ የሚያስተምረው ልጃቸው ሁዜይፋ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ ፖሊስ ጣቢያ ገባ። «አባቴን የእንጀራ እናቴ በጨው ገደለችው» አለ። የቤቱ ጨው በሣጥን ተቆልፎ፣ ቁልፉ በእንጀራ እናቱ በሀዲያ አንገት ላይ ታስሮ ነው የሚኖረው። ሌላ ሰው አይነካውም። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር የሆነችው ሀዲያ ያን ዕለት ታሰረች፤ ነገ ጧት ፍርድ ቤት ትቀርባለች። ዳኛው ካመነ ልጇን የምትወልደው ደሴ፣ ወህኒ ቤት ነው።

እታገኘሁ ወደ ዳገቱ ከመውጣቷ በፊት ሁለት ቦታ ደርሳ ነበር። አንደኛው ጤና ጣቢያ ነው። የጤና መኮንኑ ታደለ የሟቹን ካርድ አውጥቶ ጣቱን በክብደቱ መስመር ላይ አስሄደ።

«ስልሳ አንድ ኪሎ፣ ስልሳ አንድ ኪሎ፣ ስልሳ አንድ… ታኅሣሥ ሦስትም ስልሳ አንድ። ታኅሣሥ ዐሥር ስልሳ ሰባት! ይሄ ሥጋ አይደለም፣ ሳጅን። ውሃ ነው። ጨው የያዘው ውሃ። አንድ ሰው በየቀኑ ይሰጣቸው ነበር።»

«ታኅሣሥ ሦስት ምን ተጀመረ?»

«እሱን እኔ አላውቅም። እርስዎ ነዎት ፖሊስ።»

ሁለተኛው ራሷ ሀዲያ ነበረች። ከጣቢያው ግድግዳ ጋር ተደግፋ፣ ያበጡ እግሮቿን ዘርግታ ተቀምጣለች። ቁልፉ ተወስዶባት ሳለ እጇ ግን ባዶ አንገቷን ይዳብሳል።

«ቁልፉ ካንገቴ ወርዶ አያውቅም። ሊያጠፋኝ የመጣውም እሱው ቁልፍ ነው» አለች።

«ከታኅሣሥ ሦስት ጀምሮ ምን ትሰጫቸው ነበር?»

«የበፊቱን ነዋ። ጨው የሌለው ገንፎ፣ ጨው የሌለው አልጫ። አዲስ ነገር ካሉ ኢልሀም ያመጣችው የቆርቆሮ ሥጋ ነው። ከሱም ግማሽ ፍሬ ብቻ። መረቁንም ዝንጅብል ጣል አድርጌ አሞቅላቸው ነበር፤ ለታማሚ መረቅ አይደል ጉልበቱ?»

«አንቺስ ከዚያ ሥጋ ቀምሰሻል?»

«እሷ መች አስነክታኝ!» ሀዲያ በእንባዋ መሀል ፈገግ አለች። «አምሮኝ ነበር፤ እርጉዝ አይደለሁ? ‹ተይ እታለም፣ እግርሽ አብጧል፣ አይሆንሽም› ብላ ሥጋውንም መረቁንም ከለከለችኝ። የእናቴ ልጅ እንኳ እንዲህ አታስብልኝም። እሷን እንዳትነኩብኝ፣ አደራ።»

እታገኘሁ ይህን በደብተሯ አልጻፈችም። አንዳንድ ነገር ሲጻፍ ይበርዳል። በልቧ ይዛው ነው ዳገቱን የወጣችው።

ኢልሀምን አውድማው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ፊቷ ግን ዓመቱን የማይነግር ፊት ነው። ከነፋሱ ጋር ቆርቆሮው ባንኳኳ ቁጥር ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች።

«ሥጋው ነው የገደላቸው ሊሉኝ ነው የመጡት?» አለች ቀድማ።

«ምን ዓይነት ሥጋ ነው?»

«የበሬ ቋሊማ። ዓረቦቹ ነቃኒቅ ይሉታል፤ አዲስ አበባ ሆት ዶግ የሚሉት ነው።» ከዚያ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ልጅ ሆና ቁርአን እንደ ሐፈዘች ሁሉ፣ አንድም ሳትስት በቃሏ አወረደችው። «አንዱ ሃምሳ ግራም። መቶ ሃምሳ ካሎሪ፣ ስድስት ግራም ፕሮቲን፣ ዐሥራ ሦስት ግራም ስብ፣ አራት መቶ ሰማንያ ሚሊ ግራም ሶዲየም። ሶዲየም ማለት ጨው ውስጥ ያለው፣ ውሃ የሚይዘው ነው። አባዬ በቀን ግማሹን ነው የሚበላው፤ ሁለት መቶ አርባ መጣ ማለት ነው። ለልብ በሽተኛ እስከ ሁለት ሺህ ይፈቀዳል። ታደለን ይጠይቁት።»

«ይህን ሁሉ ከየት ተማርሽው?»

«ጅዳ። እመቤቴ ልቧ የደከመ አሮጊት ነበረች። ስድስት ዓመት የቆርቆሮውን ወረቀት ሳላነብ አንድ ነገር አብስዬላት አላውቅም። አንድ ቀን ብቻ ተሳስቼ…» የቀኝ እጅጌዋን ወደ መዳፏ ሳበችው። እጅጌው ከመሸፈኑ በፊት ግን እታገኘሁ የአንጓዋን ጠባሳ አየች፤ የካውያ ጫፍ ቅርጽ ያለው ነበር።

«ስትሄጂ ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«ፓስፖርቱ ላይ ሃያ አራት።»

«አንቺስ?»

«ዐሥራ አምስት። አባዬ ነው ያስጻፈው።»

«ደውለሽ ነገርሻቸው? የእጅሽን?»

«‹ሰብር አድርጊ፣ ታገሺ› አለኝ።»

እታገኘሁ ብዕሯን ጨበጠች። እሷም እህት ነበረቻት፣ ብርሀንነሽ የምትባል። ከዓረብ አገር ሦስት ጊዜ ደውላላት እታገኘሁ ሦስቴም «ቻይው እህቴ» ብላታለች። አራተኛው ስልክ የመጣው የሬሣ ሣጥኑን እንድትረከብ ነው።

ወደ ሽቦው ዞረችና፣ «እነዚህ ቆርቆሮዎች ወረቀታቸው የት ሄደ?» አለች።

«ጤዛ ላጠው።»

ቅል… ኳ።

የሟቹን የመጨረሻ ኩባያ የያዙት እጆች የሀዲያም የኢልሀምም አልነበሩም። የጎረቤታቸው የልብስ ሰፊው የአቶ ፈንታው ነበሩ። አቶ ፈንታው በረንዳቸው ላይ የስፌት መኪናቸው ፊት ተቀምጠዋል፤ ግን አይሰፉም። እግራቸው መርገጫው ላይ ነው፣ ጨርቁ አይንቀሳቀስም።

«እጁ ስላበጠ ኩባያውን እኔ ነበርኩ ወደ አፉ የማደርስለት» አሉ። «ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት። ዘጠኝ ቀን። አሁን ያ ቆርቆሮ ሲያንኳኳ ‹ፈንታው፣ ና› የሚለኝ ይመስለኛል። ልጄ፣ እሱን ነገር አውርዱልኝ።»

«ቀምሰውት ያውቃሉ?»

«ምን ነካሽ! የነቢያት ጾም አይደለም እንዴ? ባይጾምስ፣ የእስላም ሥጋ? አርባ ዓመት ስንኖር እሱ የኔን ሥጋ፣ እኔ የሱን ሥጋ ቀምሰን አናውቅም። የኛ ፍቅር በሽሮ ነው የጸናው።» ሳቁና ሳቃቸው ወደ ሳል ተቀየረ።

«መረቁን ሲጠጡ ምን ይሉ ነበር?»

ሽማግሌው ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ፣ መበጠስ የሌለበትን ክር።

«የመጀመሪያ ቀን አንዴ ጎንጨት አለና ቆመ። አየኝ። ‹ፈንታው፣ ምላሴ ከሞት ተነሣ› አለኝ። ከዚያ፣ ‹ለማንም እንዳትናገር› አለ። ደስታው ነው ብዬ ዝም አልኩ። በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ?»

እታገኘሁ ተነሥታ ወደ ሟቹ ቤት ተመለሰች። ከኢልሀም አልጋ ሥር የቆርቆሮ ሥጋውን ካርቶን ሳበች። ከያዛቸው ዐሥራ ሁለት ቆርቆሮዎች ሦስቱ ሳይከፈቱ ቀርተዋል። ጨለማና ደረቅ ቦታ ነው፤ ጤዛ አይደርስበትም። ሦስቱም ግን ራቁታቸውን ናቸው፤ ወረቀታቸው ተልጦ ሙጫው ላይ የጥፍር ጭረት ቀርቷል።

ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች። ግድግዳው እንደ አገሩ ቤት ሁሉ በአሮጌ ጋዜጣ፣ በካሌንደርና በብስኩት መጠቅለያ በሊጥ ተለጥፎ ያጌጠ ነው። እዚያ መሀል፣ ከሳሙና ማስታወቂያ ጎን፣ አንድ አዲስ ቀይ ወረቀት ነበር። ሥዕሉ ላይ የሚያብረቀርቁ ቋሊማዎች በሰሐን ተደርድረዋል። ከሥራቸው ሠንጠረዥ፣ ከሠንጠረዡ ሥር ደቃቅ ጽሑፍ። እታገኘሁ ግንባሯን ከግድግዳው አስጠግታ ለረጅም ጊዜ አነበበች።

ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት፣ በሟቹ መረቅ ሰዓት፣ ሁሉንም በዚያው ቤት ሰበሰበቻቸው። ሁዜይፋ ክንዱን አጣጥፎ ምሰሶው ጋ ቆመ። አቶ ፈንታው የሟቹን ወንበር ሸሽተው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ታደለ ካርዱን ይዞ መጣ። ሀዲያን መሐሙድ ደግፎ አስገባትና በሩ ላይ ቆመ። ኢልሀም ከሁሉ ርቃ፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጠች። መሀል ላይ የተቀጣጠለ የከሰል ምድጃና ባዶ መጥበሻ አለ።

«ምን ልታበስይልን ነው?» አለ ሁዜይፋ ምሬት ባለው ድምፅ። «ገዳይቱን ፍርድ ቤት ማቅረብ ነው እንጂ!»

«ቁጭ በል፣ መምህር። ኋላ አንተ ነህ የምታነብልን።»

ካልተከፈቱት ቆርቆሮዎች አንዱን በቢላዋ ከፈተች። ቋሊማዎቹን በሰሐን አወጣችና የቀረውን ውሃ በሟቹ ኩባያ ቀዳችው፤ እስከ አፉ ሞላ። ከዚያ ኩባያውን መጥበሻው ላይ ገለበጠችው። ውሃው መንሾሽ ጀመረ።

«እስኪደርቅ እናውራ» አለች። «ታደለ፣ አቶ ጀብሪል ማበጥ የጀመሩት መቼ ነው?»

«ከታኅሣሥ ሦስት በኋላ ነው።»

«ታኅሣሥ ሦስት የመጀመሪያው ቆርቆሮ ተከፈተ። ታኅሣሥ ዐሥራ ሁለት ጎህ ላይ ሞቱ። ሽቦው ላይ ያሉት ዘጠኝ ናቸው፤ በቀን አንድ። የሀዲያ የጨው ሣጥን ግን አምስት ወር እዚሁ ነበር፣ አምስት ወር ሙሉ ክብደታቸው ግራም አልጨመረም። ጨዉ ከሣጥን ሳይሆን ከቆርቆሮ ነው የወጣው።»

«ግማሽ ፍሬ ነው የሚበሉት» አለ ታደለ። «አስልቼዋለሁ። ያ አይገድልም።»

«ልክ ነህ። ሥጋው አልገደላቸውም። እኔም የቀኑን ግማሽ ሐሳቤ ሥጋው ላይ ነበር።» በመጥበሻው ላይ ያለው ውሃ እየጎደለ ጠርዙ ነጭ መስመር አወጣ። «በዚህ አገር ሁሉ ሰው ከአንድ ትሪ ይበላል። ወጥ ጨው ከበዛበት ሰባት ሰው ይጮኻል። የታመመ ሰው ግን ብቻውን ይበላል። የአቶ ጀብሪልን ኩባያ ማን ቀመሰው? አቶ ፈንታው በጾማቸውና በሃይማኖታቸው አልቀመሱም። ሁዜይፋ ደጎሎ ነበር። ሀዲያ ያሞቀችው እሷ ናት፣ ግን አልቀመሰችም። ለምን?»

«እርጉዝ ስለሆንኩ…» አለች ሀዲያ፤ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ሳይገባት።

«ቆይ። መምህር፣ ጓዳ ግባና ግድግዳው ላይ ያለውን ቀይ ወረቀት፣ ከሠንጠረዡ ሥር ያለውን አንብብልን።»

«እሱን እኔ ነኝ የለጠፍኩት» አለች ሀዲያ። «ሥዕሉ አምሮኝ። ከመጀመሪያው ቆርቆሮ ላይ። ሌሎቹን ስፈልግ ተልጠው አገኘኋቸው።»

የሁዜይፋ ድምፅ ከጓዳ መጣ። መጀመሪያ እንደ ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ ነበር፣ ከዚያ እየወረደ ሄደ። «እንግሊዝኛው… ‹ከላይ ያለው ልኬት ውሃው ከተደፋ በኋላ ያለ ነው። ውሃው ከፍተኛ ጨው አለው። ከመመገብ በፊት… ይደፋ።›» ተመልሶ ሲወጣ ፊቱ አመድ ለብሷል።

መጥበሻው ደርቆ ነበር። እታገኘሁ በጨርቅ ይዛ አነሣችና አዘነበለችው። ታቹን ሁሉ ነጭ ቅርፊት ሸፍኖታል። ሁዜይፋ በጣቱ ነካ አድርጎ ምላሱ ላይ አደረገ፤ ወዲያው ፊቱን አዞረ።

«አንድ የሻይ ማንኪያ ይሞላል» አለ ታደለ በሹክሹክታ። «ዘጠኝ ቀን። ያ አላህ።» ክርስቲያን ነው፤ ግን ወሎዬ ነው።

«እንግዲህ ወረቀቱን ከዐሥራ አንዱ ቆርቆሮ የላጠው ሰው ምን ሊሸሽግ ነበር? ቁጥሩን አይደለም፤ ቁጥሩን በቃሏ ነግራኛለች። የመጨረሻዋን መስመር ነው» አለች እታገኘሁ። ድምፅዋ አልከረረም፤ እንዲያውም የደከመ ይመስላል። «ሀዲያ፣ ኢልሀም ስትከለክልሽ ምን ነበር ያለችው?»

«እግርሽ አብጧል…» ሀዲያ አፏን በእጇ ያዘች።

«እግር ላበጠ ሰው ያ መረቅ እንደማይሆን ታውቅ ነበር። ታዲያ ያንቺ እግር ሲያብጥ የከለከለች ልጅ፣ የአባቷ እግር ሲያብጥ ለምን ዝም አለች? ደግነቷ ነው የመሰከረባት። ላንቺ ባታስብ ኖሮ ዛሬ እኔ አንቺን ይዤ እሄድ ነበር። የመጀመሪያ ቀን፣ ውሃውን ምን ላድርገው ብለሽ አልጠየቅሻትም?»

«ረስቼዋለሁ።»

«ሀዲያ፣ ነገ ጧት ፍርድ ቤት ነሽ።»

«ረስቼዋለሁ አልኩ!» ሆዷን አቅፋ ማልቀስ ጀመረች። ከውጭ ነፋሱ ተነሣ። ቅል… ቅል… ኳ። አቶ ፈንታው አማተቡ። ሀዲያ ድምፁን ስትሰማ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወደቀ። «‹ልድፋው ወይ?› አልኳት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ፣ ‹መረቅ ይደፋል እንዴ?› አለችኝ። እውነቷን ነው፤ መረቅ አይደፋም! እኔ ምን አውቄ…»

ሁዜይፋ ወደ እህቱ አንድ እርምጃ ተራመደና ቆመ። በዐሥራ አምስት ዓመቷ መኪና ላይ ሻንጣዋን የጫነላት እሱ ነበር።

«እኔም ገደልኩት» አሉ አቶ ፈንታው ድንገት። «‹ለማንም እንዳትናገር› ያለኝ… ጨው መሆኑን አውቆ ነው። አምስት ወር የናፈቀውን አገኘና አወቀ።»

«አዎ፣ አያ ፈንታው። በዚህ ቤት ያን ጨው ያወቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዷ ዝም ብላ አስቀዳችው፤ እርሳቸው ዝም ብለው ጠጡት። ዘጠኝ ቀን ፊት ለፊት ተቀምጠው ተያዩ።»

እታገኘሁ ከኪሷ ቁልፉን አውጥታ በክሩ ይዛ ሀዲያ አንገት ላይ መለሰችው። «ነገ ፍርድ ቤት ቀርቤ ነገሩን የማስረዳው እኔ ነኝ። አንቺ እቤትሽ ነሽ» አለቻት። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች። ልትጠይቅ ያሰበችው ሌላ ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን የፖሊስ ጥያቄ አልመሰለም።

«ለምን ኢልሀም? ንገሪኝ፤ እሰማሻለሁ።»

ኢልሀም አየቻት። ተነሣች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ በሀዲያ አጠገብ ስታልፍ ጎንበስ ብላ ከእግሯ ሥር የወደቀውን ነጠላ አንሥታ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት፤ በመሐሙድና በመቃኑ መካከል አልፋ ወጣች።

መሐሙድ «ሳጅን? ልያዛት?» አለ።

እታገኘሁ መጥበሻውን እያየች ነበር፤ ያዛት አላለችም።

ከውጭ ቆርቆሮዎቹ ከአንድ ጫፍ ጀምረው በተራ፣ በሰው እጅ እንደ ተነኩ፣ አንኳኩ። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። ከዚያ ዝም አሉ።